ማተብ ያሰረች ድስት

ሪያድ ውስጥ ጀራዲያ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የየመን ምግብ ቤት ጀርባ ባለ ቤት ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ሁላችንም ወንዶች ነበርን። ሚስት ያለው ሰው ሚስቱ ወይ አገር ቤት ናት፣ ወይ እዚያው ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ ከግንብ አጥር ኋላ ናት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነበር የምናድረው። አከራዩ የሚጠይቀን ኪራዩን እንጂ የምንጸልየውን አልነበረም።

እኔ ሰናኢያ፣ ፋብሪካዎቹ ካሉበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። ዘበኛ ስል ጠመንጃ የያዝኩ እንዳይመስላችሁ፤ የያዝኩት ወንበርና ጃንጥላ ነው።

ቤቱ አለቃ ነበረው። የኪራይ ውሉ የተጻፈው በእሱ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ ስለዚህ እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሙዲር እንለው ነበር። ሥራው የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ነው። አውቶቡሱ ላይ ልጆቹ ስለማይሰሙት ይመስለኛል፣ ቤት ሲገባ እኛ እንድንሰማው ይፈልጋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ደግ ነው፣ ግን ደግነቱንም እየተቆጣ ነበር የሚሠራው። ስታመም መድኃኒት ገዝቶ መጥቶ፣ "እንካ፣ ዋጥ! አፍህን ክፈት!" እያለ እንደ ጠላት አስታሞኛል።

ያ ሁሉ ወንድ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር ያለ ፍርድ ቤት አይሆንም። የሰው ሳሙና የሚጨርስ አለ። ሻወር ገብቶ እንቅልፍ የሚወስደው አለ። የሚያንኮራፋ አለ፤ አንኮራፋህ ሲሉት የሚክድ ደግሞ አለ። ስለዚህ አርብ አርብ፣ ሥራ በማይኖርበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ክስ እንሰማለን። ፍርዱ የሚሰጠው በጫማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸበጦቻችን ከበሩ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ይደረደራሉ። ሁላችንም ባጥሐ ገበያ ከአንድ ሱቅ የገዛናቸው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸበጦች ናቸው። ክሱ ካለቀ በኋላ ተራ በተራ እንወጣለን። አጥፍቷል ያለ ሰው አንዱን ሸበጡን ገልብጦ ይመለሳል፤ አላጠፋም ያለ እንደነበረ ይተወዋል። በመጨረሻ ሁላችንም ወጥተን እናያለን። የተገለበጠ ጫማ እኛም አገር ነውር ነው፣ ዓረቦቹም ዘንድ ነውር ነው፤ እኛ ሁለቱን ነውር አንድ ላይ አድርገን ሕግ አወጣንበት። ሸበጡ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማን ምን እንደፈረደ አይታወቅም። የኔ ብቻ ይታወቃል። ማሰሪያው ተበጥሶ ከፋብሪካው ቁርጥራጭ ባመጣሁት የመዳብ ሽቦ ጠግኜዋለሁ። "አዲስ ግዛ እንጂ፣ ድምፅህ እኮ ምስጢር ነው" ይሉኛል። "ይሄ ምን ሆነ?" እላቸዋለሁ።

ቅጣቱ አንድ ነው፤ ሽንት ቤቱን አንድ ሳምንት ማጠብ። ሳሙና ለጨረሰም፣ ለተሳደበም ያው ነው። ከዚህ የሚብስ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያጠፋው በንቀት ከሆነ ከቤት ይወጣል። ይህችን ደንብ ማን እንደጨመራት አላስታውስም። እስከዚያች አርብ ድረስ በማንም ላይ ስላልደረሰች፣ ንቀት መሆኑን የሚለየው ማን ነው ብሎ የጠየቀም የለም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ የወሎ ሰው ወደ ቤታችን መጣ። ሙስሊም ነው፣ ዝምተኛ። ከከተማ ውጪ ግመል ይጠብቅ ነበር፤ ከፊሉ፣ ማለትም ያስመጣው አሠሪ፣ ፓስፖርቱን ይዞ ደሞዙን ሲከለክለው ጥሎት ጠፋ። ስለዚህ ኢቃማ የለውም። እንደ ልቡ ወጥቶ መሥራት ስለማይችል ምግብ እያበሰለልን ይኖር ጀመር። እጁ ይጣፍጣል።

ሚስቱ እዚያው ሪያድ በአንድ ቤት ሠራተኛ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ እመቤቷ ባጥሐ ለገበያ ስትወጣ እሷ ዕቃ ተሸክማ ትከተላለች፤ እሱ ደግሞ ፖሊስ እየሸሸ ከሱቅ ሱቅ ይከተላቸዋል። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው።

"ዛሬ አየኋት" ይለናል።

"ምን አለችህ?"

"ምን ትለኛለች፣ ቲማቲም ተሸክማለች።"

ለዚህ ሰው ከዚህ ቤት ተባሮ መውጣት ማለት ለጀዋዛት፣ ለፓስፖርት ፖሊሶቹ፣ መንገድ ላይ መሰጠት ማለት ነው። ይይዙታል፣ ወደ አገር ይጠረዛል፣ ቲማቲም የተሸከመችው ሴትዮ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

አሁን ወደ ድስቷ ልምጣ። አንዲት ትልቅ ድስት ነበረችን፤ የጾም ድስት እንላታለን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም አርብም ስለማይጾም፣ ሌላው ድስት ደግሞ ለሁላችን ስለማይበቃ፣ በእሷም ሥጋ እንሠራባታለን። የሰኔ ጾም ሲገባ ሙዲር በበረኪና ያጥባታል፣ በአሸዋ ይፈትጋታል፣ ውኃ አፍልቶ ይደፋባታል፤ እንዲህ አድርጎ ወደ ጾሟ ይመልሳታል። ያን ዓመት ደግሞ ከሥጋው ድስት እንድትለይ ብሎ ጆሮዋ ላይ ጥቁር ክር አሰረላት።

"ማተብ አሰርክላት?" አለው አብሮን የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ። ባጥሐ ፀጉር ይቆርጣል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ የሰው ወሬ ይቆርጣል።

"ይታወቅ ብዬ ነው።"

"እኛ ማተባችንን ከሸሚዝ ሥር ደብቀን፣ እሷ በአደባባይ! ከሁላችንም ደፋሯ ክርስቲያን ድስቷ ሆነች።"

ሳቅን፣ አለቀ። ለወሎው ሰው ግን ጾም መግባቱን መንገር ለማንም ትዝ አላለውም። ሙስሊም ነው፣ ጾሙ የኛ ነው፣ ምን ያደርግለታል። ምግብ የሚያበስለው እሱ መሆኑን ረስተን።

አርብ ደረሰ። በሳምንቱ ገንዘብ አጥሮ ምስርና ሽሮ ስለሠራልን ነገሩ እስከዚያ አልታየም። አርብ ሪያድ ሙቀቱም ድካሙም አንድ ላይ ይጫናል፤ እስከ ቀትር ተኝተናል። በዶሮ ሽታ ነቃን። ስንወጣ የወሎው ሰው ሳሎኑ ላይ ሱፍራ፣ የመመገቢያ ላስቲኩን፣ አንጥፏል፣ ሩዝ በዶሮ በትሪ አቅርቧል፣ በርበሬው ከሩቅ ይጣራል። ትልቋ ድስት መሐል ላይ ትጨሳለች። ፀጉር አስተካካዩ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ተቀምጦ አንዱን የዶሮ እግር ጨርሶ ሁለተኛውን አንስቷል። እኔ እጄን ልታጠብ ስል ሙዲር ከክፍሉ ወጣ።

"ይቺ የጾም ድስት አይደለችም እንዴ?"

ፀጉር አስተካካዩ አፉ ሙሉ ስለሆነ አልመለሰም።

"አርብ እኮ ነው! ሰኔ እኮ ገብቷል! ማተቧስ? ማተቧ የት አለ?"

"ክሩን ነው?" አለ የወሎው ሰው ጭልፋውን እንደያዘ። "ፈታሁት።"

"ፈታህ? ማተብ ፈታህ?"

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ማተብ በጠሰ ማለት ሃይማኖቱን ካደ ማለት ነው። የድስት ማተብ ሲሆን እንዴት እንደሚቆጠር መጽሐፍ አይቼ አላውቅም፤ ግን ቃሉ ብቻውን ቤቱን አስደነገጠው። ፀጉር አስተካካዩም ዋጠና ከሁሉም በላይ ጮኸ። "ጾሜን አስገደፈኝ! ሁለት እግር!"

ትሪው ተሸፈነ። እዚያው ፍርድ ቤት ተቀመጥን። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከሕጉ ይልቅ ሩዙ እንዳይቀዘቅዝ ነበር የማስበው። ደግሞ ሌላም አሳብ መጣብኝ። አገር ቤት የሙስሊም ሥጋ ነው እያለ የሚሸሽ ክርስቲያን፣ ሪያድ ሲገባ ዓመቱን ሙሉ እሱኑ ነው የሚበላው፤ የክርስቲያን ሥጋ ከየት ይመጣል? ያን ሁሉ የዋጥን ሰዎች ድስት ላይ ስንደርስ ጉሮሯችን ጠበበ።

"ክሱ ግልጽ ነው" አለ ሙዲር። "በጾም ድስት ዶሮ ሠርተሃል ወይስ አልሠራህም?"

"ሠርቻለሁ" አለ የወሎው ሰው።

"የምትለው አለህ?"

"የለኝም። ቢቀዘቅዝ ግን ይበላሻል።"

ተራ በተራ ወጥተን ተመለስን። በመጨረሻ ሁላችንም ስናይ የሁሉም ሸበጥ ተገልብጧል። የከሳሹም፣ የተከሳሹም። "ሠርቻለሁ እኮ" አለ ሲያዩት። የኔም ባለሽቦው ተገልብጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን የታወቀው ድምፅ የኔ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ሸበጥ ላይ የዶሮ ቅባት ያለበት የጣት አሻራ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ ቶሎ ብሎ በእግሩ ረገጠው።

ተመልሰን ስንቀመጥ እኔ አለቀ ብዬ ትሪውን ልገልጥ ነበር። ሽንት ቤቱን አንድ ሳምንት ያጥባል፣ በቃ።

"ኸላስ፣ አልቋል" አለ ሙዲር። "ሁላችሁም ፈርዳችኋል። ማተብ ፈቶ፣ በጾም ቀን፣ በጾም ድስት ዶሮ የሚሠራ ሰው በንቀት ነው የሠራው። ሻንጣህን አዘጋጅ። ሲመሽ ትወጣለህ።"

የወሎው ሰው ጭልፋውን ቀስ ብሎ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

"ሻንጣ የለኝም" አለ። ከዚያም፣ "ጋሼ፣ ማክሰኞ ባጥሐ ትወጣለች። እስከ ማክሰኞ ብትተዉኝ። ነግሬያት ልሂድ።"

እኔ ተነሳሁ። ምን እንደማደርግ አስቤበት አልነበረም፤ እግሬ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ፤ ወጥቼ ባለሽቦውን ሸበጤን አቀናሁት። ሙዲር ተከትሎኝ በሩ ላይ ቆመ።

"ምን እያደረግህ ነው ወንድሜ? ፍርዱ አልቋል እኮ።"

"ጫማዬን እያቀናሁ።"

"ዶሮ አልሠራም ልትል ነው? ድስቱ ከፊትህ እየጨሰ?"

"ሠርቷል። ለዶሮው ገልብጫለሁ፣ አሁንም እገለብጣለሁ። ለንቀቱ ግን አልገለበጥኩም። ስለ ንቀቱ ማን ጠየቀኝ?"

"ያው ነዋ! አንድ ነገር ነው!"

"አንድ ነገር ከሆነ ቅጣቱ ለምን ሁለት ሆነ?"

ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ከምንጣፉ ላይ ሆኖ ሳቁ መጣበት። ሁለት እግር የበላ ሰው ኅሊናው እየወቀሰው ይሆናል።

"እውነቱን ነው እኮ! ሽንት ቤት ለማሳጠብ ሁላችን ጫማ ስንገለብጥ ውለን፣ ሰው ለማባረር አንተ ብቻህን? ትንሿን ፍርድ ለኛ፣ ትልቋን ለራስህ? ጥሩ አካፋይ ነህ አንተ።"

"ዳኛው እኔ ነኝ!"

"ዳኛስ ሁን። ሽንት ቤቱን ዛሬ ይጀምር ወይስ ነገ ብለህ ወስን። የልቡን ግን በምን አየኸው? ክስህ ላይ እኮ ንቀት የሚል ቃል አልነበረም፤ ከጫማው በኋላ ነው ያመጣኸው።"

"ግልጽ ነው አልኩ!"

"ግልጽ ከሆነ ለኛም ይታየናል፤ ምን ያስፈራሃል? ወይስ የሚያስፈራህ ጀዋዛት ነው? ጀዋዛትን ከፈራህ ጀዋዛትን ፈራሁ በል። በድስቷ አታሳብብ።"

ሙዲር ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ያን ቀን ብቻ ነው ድምፁን ሳያነሳ ሲናገር የሰማሁት።

"አዎ እፈራለሁ። ውሉ በኔ ኢቃማ ነው። ቤቱ ቢፈተሽ እሱን አስጠልለሃል ብለው የሚይዙት እኔን ነው። የአምስት ልጅ አባት ነኝ። መፍራት አይገባኝም?"

ይገባዋል። የወሎው ሰው እንኳ፣ "ልክ ነው ጋሼ" አለ። ሊነሳ ሲል እጁን ይዤ አስቀመጥኩት።

"እሱ ሌላ ክስ ነው" አልኩ። "ከፈለግህ በሌላ አርብ አቅርበው፣ እንሰማለን። ዛሬ የቀረበው ድስት ነው። ንቀቷን ጨምረህ እንደገና ክሰስ፣ እሱም ይጠየቅ፣ ቤቱም ይፍረድ።"

ሙዲር ራሱን ነቀነቀ። እሺም እምቢም አይመስልም። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረ።

"አርብ እንደምንጾም አታውቅም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ከመጣሁ ጀምሮ አርብ አርብ ሥጋ ስትበሉ አየኋችኋ። በዚችው ድስት። ረቡዕም ስትበሉ አየሁ።" አንገቱን ደፋ። "እዚህ አገር ስትኖሩ ሃይማኖታችሁን የተዋችሁት መሰለኝ። እንዳላሳፍራችሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

እርስ በርስ ተያየን። ስለ ሃምሳው ቀን ማን ነገረው? ማንም። ያን ሁሉ አርብ እኛ አጥንት ስንግጥ እሱ በልቡ እያዘነልን ነው የከረመው።

"ክሩስ ለምን የታሰረ መሰለህ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ቡዳ እንዳይበላት። ትልቅ ድስት ናት፣ ዓይን ይገባባታል አልኩ።"

"ታዲያ ለምን ፈታኸው?"

"እሳት እንዳይበላው።"

"አሁን የት አለ?" አለ ሙዲር።

"ምስማሩ ላይ።"

ፀጉር አስተካካዩና እኔ ወደ ማድ ቤቱ ሄድን። እውነትም ክሩ ከምድጃው ራቅ ብሎ ምስማር ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሙዲር ክር ሲያስር እንደ በሬ ነው የሚያስረው፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። ቢላዋው እዚያው ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ሰውዬው ያን ሁሉ ቋጠሮ በጥፍሩ አንድ በአንድ ፈቶታል። ፀጉር አስተካካዩ ክሩን እንደ ታቦት በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ "መንገድ ልቀቁ፣ እልል በሉ!" እያለ ሳሎን አገባው።

ሙዲር ክሩን ተቀብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ መሐል አሳለፈው።

"አልተቆረጠም" አለ።

ሸበጦቹን ሁሉ አቀናንና እንደገና ተራ በተራ ወጣን፤ አሁን ለንቀቱ ብቻ። ሁላችንም ተመልሰን ስናይ ሸበጡ ሁሉ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ከአንድ በስተቀር። አንዲት ሰማያዊ ሸበጥ በጀርባዋ ተኝታለች። ሁላችንም ወደ ሙዲር ዞርን።

"የኔ አይደለም!" አለ። "በማተቤ! ያውና የኔ፣ የቀናው!"

"ታዲያ የማን ነው? ወንድ ከሆነ ይውጣ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

የወሎው ሰው ከኋላ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የኔ ናት።"

"አንተ? ራስህ ላይ? በንቀት ነው የሠራሁት ልትል ነው?"

"አይ፣ አይደለም። ጋሼ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው። የሳቸው ብቻ ተገልብጣ ብትገኝ ያፍራሉ አልኩ።"

ሙዲር ጎንበስ ብሎ ሸበጧን አቀናለት። ገብተን ትሪውን ገለጥን። የምንጾመው ሩዙን ከዳር ከዳሩ እያየን ተቀመጥን፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን ለኔ ተገድፏል፣ የጀመርኩትን ጀምሬያለሁ ብሎ ቀረበ። ማክሰኞም የወሎው ሰው ባጥሐ ሄዶ ተመለሰ። "አየኋት" አለን። "ምን አለችህ?" "ዛሬ ሽንኩርት ነው።"

ሽንት ቤቱን ሳምንቱን ሙሉ አጠበ። ድስቷንም ራሱ በበረኪና አጠባት። ከዚያ ወደኔ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ክር ይቃጠላል። ከዚያ ጫማዎ ላይ ካለው ሽቦ ዓይነት ቢያመጡልኝ" አለኝ። ከፋብሪካው ቁርጥራጭ አመጣሁለት። ድስቷ የመዳብ ማተብ አሰረች፤ እሳት የማይፈታው።

ከዚያ በኋላ የቤቱን ጾም የሚጠብቀው እሱ ሆነ። መቼ ሁዳዴ እንደሚገባ፣ መቼ ፍልሰታ እንደሚፈታ እኛን እየጠየቀ አጠና። ረቡዕ ማታ ከሥራ ስንገባ በሩ ላይ ቆሞ አፋችንን ያሸትታል። "ያላ፣ እፍ በል" ይላል ፀጉር አስተካካዩን። "የየመኑ ቤት ገብተሃል።" "ምስር ነው የበላሁት!" "ምስር አጥንት የለውም፤ ጥርስህ መሐል ያለው ምንድን ነው?" በዚያ ቤት ውስጥ ከእሱ የጠነከረ ኦርቶዶክስ አልነበረም። ቄሶቻችን ቢያዩት ይቀኑበት ነበር።

የሚስቱ ኮንትራት እስኪያልቅ ከኛ ጋር ቆየ፤ ሙዲር ያን ሌላ ክስ በአንድም አርብ አላቀረበም። መኪና ከቤቱ ፊት በቆመ ቁጥር ይደነግጣል፣ በመስኮት ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እሷ ስትሄድ እሱም እጁን ለጀዋዛት ሰጥቶ አብሯት አገር ቤት ገባ። መጠረዝ ለአንዳንዱ ሰው እንደ ሠርግ ጉዞ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ክስ አቀረበ። በሁዳዴ መሐል ሙዲር በባለመዳብ ማተቧ ድስት እንቁላል ሲቀቅል ያዘው። አርብ ተቀመጥን።

"ቀቅለዋል ወይስ አልቀቀሉም ጋሼ?"

"ቀቅያለሁ። ሐኪሙ እንቁላል ብላ ብሎኛል፣ ሌላው ድስት ሩዝ ነበረበት።"

ወጣን፣ ገለበጥን፤ ሙዲርም የራሱን ገለበጠ። ተመልሰን ስንቀመጥ ቀና ብሎ ሰውዬውን አየው።

"ንቀቱስ?"

"እሱን እኔ አልልም" አለ የወሎው ሰው። "ቤቱ ይጠየቅ።"

ቤቱ ተጠየቀ። ስንወጣ የሁላችንም ሸበጥ ቀጥ ብሎ ነበር፤ የከሳሹም ጭምር። ሙዲር ሽንት ቤቱን አንድ ሳምንት አጠበ። አጥርቶ አላጠበውም፤ እሱ ግን ሌላ ክስ ነው።